በዜብራው ላይ ስለ ቆመችው ልጄ እና ስለ «አላስፈላጊ ትሕትናዋ»

ለክቡር የከተማችን የመንገድ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከማንም በፊት እንዲያልፉ ቀን ከሌት የሚተጋው ሹፌርዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ የመኪናዎ መስታወት እንደ ወትሮው የጠቆረ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ ብልዎት ውሸት ይሆንብኛል፤ ደህና አይደለሁም ብልዎት ደግሞ የእርስዎን ጊዜ ማባከን ይሆናል። ብዙ የተማርኩ ሰው ስላልሆንኩ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ቀስ የሚል ሰው ፊትዎ ሲቆም እንደማይወዱ አውቃለሁና ለዚህም በቅድሚያ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

መርዶው የደረሰኝ ዕለት ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ የአንድ ታክሲ የኋላ ወንበር ልብስ እሰፋ ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው፤ የመኪና ወንበር ማልበስ። የልጄ አሠሪ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ እጁ ላይ ያለውን ዱቄት እንኳ ሳያራግፍ በራችን ላይ ቆመ። መኪናውን ሞተሩ እንደተነሳ መንገዱ ላይ ትቶት ነው የገባው። «እትዬ፣ ልጅዎ…» አለና ገና ቃሉን ሳይጨርስ፣ ከመኪናው ኋላ የደረሰ ሹፌር ክላክሱን ያዘ። ነካ አድርጎ አልተወውም፤ ሙሉ መዳፉን ጭኖ ያዘው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አፉ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ዓይኑ ሲፈስ ይታየኛል፣ ድምፁ ግን አይሰማኝም። ጩኸቱ ሲያርፍ ያንኑ ነገር እንደገና ሊነግረኝ ተገደደ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሌላው ሰው የልጁን ሞት አንድ ጊዜ ሲረዳ እኔ ሁለት ጊዜ ተረዳሁ፤ አንዴ በዓይኔ፣ አንዴ በጆሮዬ። ያ ሹፌር ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ወዴት ቸኩሎ እንደነበረም አላውቅም። በሰዓቱ ደርሶ ከሆነ ግን እሰየው።

ልጄን በሥራ ብዛት ዘንግተዋት ሊሆን ስለሚችል ላስታውስዎ። የዳቦ ቤቱን መኪና የምትነዳው እሷ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ ለሱቆች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለጤና ጣቢያው ታደርስ ነበር። የታክሲ ሹፌሮቹ «እለፉ» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር፤ ለማሾፍ ነው እንጂ ለማመስገን አይደለም። ዜብራ ላይ ሰው ካየች ትቆምና እጇን በመስኮት ታወጣለች፤ ከዚያም ገበታ ላይ የፈሰሰ ዱቄት እንደሚጠርግ ሰው መዳፏን ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ትጠርጋለች። ትርጉሙ «እለፉ፣ እኔ አለሁ» ማለት ነው። ለሌላ መኪናም እንደዚያው ታደርጋለች። በልጅነቷም እንዲሁ ነበረች። ሱቅ ስልካት ወረፋዋን ለመጣው ሁሉ እየለቀቀች ቆይታ «እማዬ፣ ስኳሩ አለቀ» ብላ ባዶ እጇን ትመለሳለች። «አንቺ ልጅ፣ አገሩን ሁሉ አስቀድመሽ የአንቺ ተራ መቼ ነው የሚደርሰው?» ብዬ ስቆጣት ትስቃለች። ስትስቅ ትከሻዋ ይነቀነቃል እንጂ አፏ ድምፅ አልነበረውም።

የሆነውን የሰማሁት ዜብራው ላይ ከነበሩት አዛውንት ነው። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። እግራቸው በጄሶ እንደታሰረ፣ ክራንቻቸውን ተደግፈው ከጤና ጣቢያው እየወጡ ነበር። ልጄ ቆመችላቸው፤ እጇንም እንደ ልማዷ ጠረገችላቸው። ከኋላዋ ትልቅ ነጭ መኪና የያዘ ሰው ነበር። መጀመሪያ ክላክስ፤ ቀጥሎ ስድብ። ስድቡን አዛውንቱ ሊነግሩኝ አፍረው «ሴት ልጅ መሪ ስትይዝ የምትሰደበው ነው» ብለው ዘለሉት። ቀጥሎ ሰውዬው የመኪናውን አፍንጫ አስጠግቶ የዳቦውን መኪና ከኋላ ገፋው። ገጨው አላልኩም፤ ወረፋ ላይ ከፊቱ የቆመውን በክርኑ እንደሚጎስም ሰው ገፋው። የዳቦው መኪና ወደ አዛውንቱ ተንሸራተተ። ልጄ ፍሬኗን ረገጠች፣ የእጅ ፍሬኑንም ሳበች፣ ወረደችና «ወንድሜ፣ ትንሽ ታገስ፣ አባባ እየተሻገሩ ነው» አለችው። አዛውንቱ ከአፏ የሰሙት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ሰውዬው ወደ ኋላ መለስ ብሎ መሪውን ጠመዘዘና በጎኗ ለማለፍ ተፈተለከ። ያለፈው ግን በጎኗ አልነበረም።

ለመሆኑ ወዴት ነበር እንዲህ የሚያስቸኩለው? ምናልባት ምጥ የያዛት ሚስት፣ ምናልባት የታመመ ልጅ ይኖረው ይሆናል ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤለታለሁ። እናት ነኝና ለሰው ምክንያት እፈልጋለሁ። ኋላ ራሱ ለፖሊስ በሰጠው ቃል እንደተናገረው፣ ወረፋው ሳይበዛ መኪናውን ለማሳጠብ ወደ ላቫጆ እየሄደ ነበር። መኪናዋ በኋላ ሳትታጠብ አልቀረችም።

ስለ እሱ ግን አልጽፍልዎትም። እሱ ከዳኞች ጋር ቀጠሮ አለው፤ እኔም እየሄድኩ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። ይህ ደብዳቤ ስለ እርስዎ ብቻ ነው። ደግሞም አቤቱታ አይደለም፤ አቤት ያልኩበት ቢሮ ሁሉ «ይመለሱ» ብሎ ስለሸኘኝ አቤት ማለቱን ትቻለሁ። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ እንዳይደበላለቅብዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፦ በሥራ የተወጠሩ ሰው ሆነው ሳለ ለቅሶ ሊደርሱኝ ወደ ቤቴ በመምጣትዎ አመሰግናለሁ። ሰፈራችን ጠባብ በመሆኑና ለቀስተኛው ወንበር ይዞ መተላለፊያው ላይ በመቀመጡ መኪናዎ ስለተቸገረች እጅግ አዝኛለሁ። ሹፌርዎ ክላክሱን ሲያሰማ ያረጁ ጎረቤቶቼ ወንበራቸውን ተሸክመው ግድግዳ ታከው ቆሙልዎ። ታላቅ እህቴ፣ ጉልበቷን የምትታመመው፣ ቶሎ መነሳት አቅቷት «ምን ዓይነት ለቅሶ ደራሽ ነው አገር የሚያስነሳ?» ስትል ሰምተዋት ከሆነ በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሷ የምታውቀው ለቅሶ ደራሽ በእግሩ የሚመጣ ሰው ነው።

ሁለተኛ፦ በሬዲዮ ቀርበው «አደጋው የደረሰው ሁለቱም ወገኖች ትዕግሥት በማጣታቸው ነው» ብለው በመናገርዎ አመሰግናለሁ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ትዕግሥት ያጣው የገፋው ሰው ይመስለኝ ነበር። ቆማ የጠበቀችውም፣ ወርዳ «ወንድሜ» ያለችውም ትዕግሥት አጥታ እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በዚህ ሚዛን እኮ ክቡር ሆይ፣ አዛውንቱ አናጢም ሳያጠፉ አልቀሩም፤ በጄሶ እግራቸው መሮጥ ሲችሉ አልሮጡም።

ሦስተኛ፦ ልጄ በወደቀችበት ዜብራ ጫፍ ላይ «ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠት ሥልጣኔ ነው» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ስላቆሙልን አመሰግናለሁ። ፎቶዎ በጣም አምሯል፤ ክራቫትዎም ከቀለሙ ጋር ተስማምቷል። ሰሌዳው ከመተለቁ የተነሳ ከጀርባው የሚወጣ እግረኛ ለሚመጣው ሹፌር አይታይም። አዛውንቱ አናጢ አሁን ሲሻገሩ፣ መጀመሪያ በፎቶዎ ጉንጭ በኩል አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ፤ መኪና ሲያዩ ወደ ጆሮዎ ሥር ይመለሳሉ፤ ጸጥ ሲል ደግሞ እንደገና ብቅ ይላሉ። «ዕድሜ ልኬን በርና መስኮት ስሠራ ኖሬ፣ በሰው ጉንጭ መሹለክ በእርጅናዬ ጀመርኩ» ብለውኛል። ያን ቀን ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ለዚህም ምስጋናው የእርስዎ ነው።

አራተኛው ዋናው ስለሆነ፣ ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ስለ ሹፌሮች የማውቀውን ትንሽ ልበል። ረጅም ዘመን ወንበራቸውን ሰፍቼላቸዋለሁ። እኔ ዘንድ ሲመጡ ጨዋዎች ናቸው። ክር ሲወድቅብኝ ጎንበስ ብለው ያነሱልኛል። «እናቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ ዓይንዎን አያድክሙ፣ እጠብቃለሁ» ይሉኛል። አንዱ የሌላውን ተራ ሲነካ እንኳ «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ በሞቴ አንተ ቅደም» ይባባላሉ። ያው ሰው ግን የሰፋሁለት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በሩ ገጭ እንዳለ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። በዕድሜ እኔን የምታህለውን ሴት «አንቺ አሮጊት፣ መሞቻሽን ቤትሽ ፈልጊ!» ይላታል። አሁን «እጠብቃለሁ» ሲለኝ የነበረው ሰው፣ መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ከፊቱ ያለው ለምን አልሄደም ብሎ ክላክሱን ያስለቅሰዋል። እኔ እዚያ ወንበር ውስጥ የምከተው ስፖንጅ ብቻ ነው፤ እምልልዎታለሁ። አንዳንዴ የነጩን መኪና ወንበር የሰፋሁት እኔ እሆን እላለሁ። አልጠየቅሁም። እንዲነግሩኝም አልፈልግም።

የሚቆጣጠራቸውና የሚያስተምራቸው ሲኖር ግን ሰው ይታረማል ብዬ አምን ነበር። ይህ ወደ አራተኛው ያመጣኛል።

አራተኛ፦ በአሠልጣኞች ስብሰባ ላይ ልጄን በምሳሌነት በማንሳትዎ አመሰግናለሁ። እዚያ አልነበርኩም፤ ማን ጠርቶኝ። ነገር ግን ከስፌት ቤታችን ጀርባ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ አለ፤ ክፍሉን ከእኛ የሚለየው ቀጭን ጣውላ ነው። ትምህርቱን ሁሉ እሰማለሁ፤ የመንገድ ምልክቶቹን በቃሌ ባልይዛቸው ነበር የሚገርመው። አንድ ከሰዓት በኋላ አሠልጣኙ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ከኋላችሁ የቸኮለ ሰው ካለ መንገድ ልቀቁ! የምን መገተር ነው? እንደ እለፉ እንዳትሆኑ!» አንዲት ወጣት ሠልጣኝ «እለፉ ማን ናት?» ብላ ጠየቀች። «ለሁሉም እለፉ ስትል ራሷ እዚያው የቀረች ናት» አላት። ክፍሉ ሳቀ።

እኔም እንዳልሰማ የስፌት መኪናዬን ፔዳል ረገጥኩ። መርፌው ሥር ምንም ጨርቅ አልነበረም። ባዶውን ሲሰፋ ቆየ።

በማግስቱ ወደ አሠልጣኙ ሄጄ ማን መሆኔን ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። ፊቱ ጠቁሮ «እናቴ፣ በእግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ፤ ከራሴ ያመጣሁት አይደለም። ኃላፊው ራሳቸው ስብሰባው ላይ ‹አላስፈላጊ ትሕትና የትራፊክ ፍሰቱን ያውካል፣ ሕይወትም ያስከፍላል› ብለው የሰጡን ምሳሌ ነው። በየማሠልጠኛው እንደዚሁ ነው የሚነገረው» አለኝ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልጄን የገደለ አንድ ሰው ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ። እርስዎ ግን በየማሠልጠኛው፣ አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር፣ በሳቅ እያጀቡ እንዲያስነሷትና እንደገና እንዲጥሏት አድርገዋል። ይህን ያህል ብርታት ከየት እንዳገኙ ይገርመኛል። መንጃ ፈቃድ ይዘው የሚወጡት ልጆች ስለ ዜብራ የሚያስታውሱት ያንን ሳቅ ይሆናል። አንድ ቀን ከፊታቸው ክራንች የያዘ ሰው ሲያዩ፣ እግራቸው ከፍሬኑ ላይ ሲያመነታ፣ በጆሯቸው የሚመጣው የእርስዎ ምክር ነው። ምክርዎም እግራቸውን ወደ ነዳጁ ያዛውረዋል።

ትሕትና መቼ አስፈላጊ እንደሚሆን እንዲያስረዱኝ ደግሞ ብጠይቅዎ ድፍረት ይሆን? የሚሻገረው ሰው እርስዎ ሲሆኑ ነውን? መኪናዎ ስትመጣ መንገዱ ሁሉ ዳር ይዞ ሲቆም አይቻለሁ፤ ያኔ ፍሰቱ ታወከ ያለ የለም። ወይስ ትሕትና ለሰሌዳ ብቻ የሚሆን ነገር ነው፤ ተጽፎ የሚቆም፣ ከጀርባው ግን ሰው የማይታይበት?

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሣ አይደለም። ሰሌዳውም እዚያው ይቁም፤ አዛውንቱ ለምደውታል። ያን ምሳሌ በሰጡበት አዳራሽ፣ እነዚያኑ አሠልጣኞች ሰብስበው፣ በዚያው ማይክሮፎን «ያቺ ልጅ መቆሟ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው ይናገሩ። ከዚህ የረዘመ ንግግር አይጠበቅብዎትም። ለልጄ ስል አይደለም፤ እሷ የእርስዎ ምስክርነት አያስፈልጋትም። ቀጥሎ ለሚሻገረው ሰው ስል ነው።

እስከዚያው ድረስ ሥራ ፈትቼ እንዳልጠብቅዎ፣ ከጣውላው ወዲያ ተሻግሬ ማሠልጠኛው ገብቻለሁ። መዝጋቢዋ ልጅ ከላይ እስከ ታች አይታኝ «እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ መንዳት ምን ያደርግልዎታል?» ስትለኝ፣ «መንዳቱን ተይው ልጄ፤ አቋቋም ነው ልማር የመጣሁት» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አይታ ቅጹን አቀበለችኝ። የምቀመጠው ከፊት ነው፤ መነጽሬንም ይዣለሁ። የእኛ አሠልጣኝ ምሳሌውን ትቶታል፤ ግን ሌላም ማሠልጠኛ አለ፣ ሌላም አሠልጣኝ አለ፣ እኔም እግር አለኝ። «እንደ እለፉ አትሁኑ» የሚል ድምፅ በሰማሁበት ክፍል ሁሉ በሩን አንኳኩቼ፣ እጄን አውጥቼ፣ እናቷ መሆኔን እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ መሳቅ የሚችል ካለ ይሳቅ።

ይህን ረጅም ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ካነበቡ፣ ትዕግሥት ያጣው ወገን እርስዎ አለመሆንዎን በሬዲዮ ሊያስነግሩ ይችላሉ። ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለሰሌዳው፣ ለምሳሌውና በለቅሶዬ ላይ ላሰሙኝ ክላክስ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ መንገድዎ ሁልጊዜ ክፍት፣ ከፊትዎ የሚቆም ሰውም የሌለ ይሁን እያልኩ እሰናበትዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የ«እለፉ» እናት፣
የመኪና ወንበር ሰፊ እና ጀማሪ ሠልጣኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኃላፊው ይህን ላያነቡት ስለሚችሉ ግልባጩን ለጋዜጣ ሰጥቻለሁ፤ የመጨረሻውንም ለእናንተ ለአንባቢዎች እጽፋለሁ። ልጄን ጸልዩላት፤ እንደየእምነታችሁ፣ እንደሚቀናችሁ። ጊዜ የለንም የምትሉ ከሆነ ጊዜውን እኔ አገኝላችኋለሁ። ዜብራ ላይ ሰው አይታችሁ ስትቆሙ፣ እግራችሁ ፍሬኑ ላይ ሳለ፣ ከፊታችሁ ያሉት አዛውንት ወይም ልጅ ያዘለችው እናት ተሻግረው እስኪጨርሱ ድረስ «ነፍሷን ይማር» በሉ። ከኋላችሁ ክላክስ ይጮኻል፤ ስድብም ይመጣል። እናንተ ጸሎታችሁን አታቋርጡ። ከኋላ ያለው ይጠብቅ።